ጎፈርና ለምድ፦ የደጃዝማች የማዕረግ ልብስ
የአንበሳ ጎፈር፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ የከፋይ ለምድ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ

የለቃ ነቀምት ገዢ ሞረዳ በከሬ ለራስ ጎበና ገብረው የደጃዝማችነት ማዕረግ ካገኙ በኋላ፣ ልጃቸው ኩምሳም ዳግማዊ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ገብረ እግዚአብሔር በተሰኙና የአባታቸውን መንበር በወረሱ ጊዜ፣ ሹመት በቃለ ዐዋጅ ብቻ ሳይሆን በልብሰ ክብርም ይገለጥ ነበርና፣ ደጃዝማች የተባለው መኰንን ነጋሪት ከማስጎሰም ሥልጣን ጋር እንዲህ ያለውን ለምድና ጋሻ ይሸለም ነበር። ጎፈሩ ግን፣ አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው በራሱ ላይ ያደርገው ስለ ነበር፣ ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ጌጥ እርሱ ነበር።

በዚያው ዘመን የጀርመን ወታደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 በፕሩስያ የተደነገገውን ባለ ሹል ጫፍ የራስ ቁር ደፍቶ፣ የመንግሥቱን ንስር በግንባሩ ተሸክሞ፣ ሺህ ከሺህ ተመሳስሎ ይሰለፍ ነበር፤ የእኛ ሹም ልብስ ግን የአንዱን ሰው ገድል ይናገራል፤ ክብሩም፣ በእኛ ግምት፣ ከዚህ የመነጨ ነው። የጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪክ ሮዘን የካቲት 28 ቀን 1897 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወዳጅነትና የንግድ ውል በተዋዋለ ጊዜ፣ ሁለቱ የማዕረግ ሥርዓቶች በአንድ አደባባይ ፊት ለፊት ተያይተዋል። ከዚያም በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአውሮፓ ሥርዓት የተሰፋውን የጦር ልብስ ሲለብሱ፣ ባርኔጣቸውን በዚሁ በአንበሳ ጎፈር አስጊጠዋል።