አንድ መንገድ፣ ሁለት ፍጥነት፦ ብስክሌተኞችና አሽከርካሪዎች በጣና ዳርቻ

ጣና ሐይቅን ለሚያውቅ ሰው ጎርጎራና ባሕር ዳር የአንድ ውኃ ሁለት ዳርቻዎች ናቸው፤ አንዷ በሰሜን፣ ሌላዋ በደቡብ። በየብስ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዝ ሰው በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ አዘዞ ይደርሳል፤ ከዚያም በቆላ ድባ በኩል የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በዚህ የመጨረሻ ክፍል በገበያ ቀን የሚታየው ለአካባቢው ነዋሪ አዲስ አይደለም። እህል የጫነ አህያ፣ ከብት የሚነዳ አርሶ አደር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስና የጭነት መኪና፣ በመካከላቸውም የመንገዱን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ብስክሌተኛ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። ጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» ከለሙት መዳረሻዎች አንዷ ከኾነች ወዲህ ደግሞ የመንገዱን ጠባይ የማያውቁ የእንግዳ ተሽከርካሪዎች ተጨምረዋል።

አሽከርካሪው «ብስክሌተኛ ሕግ አያውቅም» ይላል። ብስክሌተኛው ደግሞ «መኪና የያዘ ሰው አይታየውም» ሲል ይመልሳል። ንግግሩ የጠባይ ጉዳይ ቢመስልም ነገሩ በአብዛኛው የጠባይ አይደለም። ፀቡ የሚነሳው በታወቁ ቦታዎችና በታወቁ ምክንያቶች ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ማን ምን እንደሚጠየቅ ሕጉ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል።

ባሕር ዳር ከሀገሪቱ ከተሞች መካከል በብስክሌት ስሟ ቀድሞ የሚነሳ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሐይቁ ጠርዝ የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ በመኾኗ ለብስክሌት ትመቻለች፤ ዳገት ያደከመው የጎንደር ወይም የደሴ ነዋሪ ይህን ልዩነት ሳይነገረው ይረዳዋል። ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሴቶችም ሳይቀሩ ወደ ገበያና ወደ ሥራ በብስክሌት ሲሄዱ የኖሩባት ከተማ ናት። ባጃጅ ከገባ በኋላ ግን ብዙ ሰው ፔዳሉን ትቶ በአጭር ርቀት ታሪፍ መጓዝን መረጠ። ባጃጁ የያዘው ደግሞ ቀድሞ የብስክሌተኛው የነበረውን የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ነው። ዛሬ በከተማዋ የሚሰማው ንትርክ በአብዛኛው በዚህ ጠርዝ ላይ የሚካሄድ ነው ማለት ይቻላል።

ባጃጅ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል። ከኋላው የሚመጣው ብስክሌተኛ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ፍሬን ይዞ መቆም ወይም ወደ ግራ ወጥቶ ማለፍ። ወደ ግራ ሲወጣ ከኋላው ያለው የመኪና አሽከርካሪ «በድንገት ገባብኝ» ይላል። አሽከርካሪው እውነቱን ነው፤ ብስክሌተኛውም ጥፋት ለመሥራት አልወጣም። እዚህ ላይ ጉዳት የሚቀንሰው አንድ ልማድ አለ። ብስክሌተኛው የቆመው ባጃጅ አጠገብ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ርቀት ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልክቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቀስ በቀስ መውጣት አለበት። አሽከርካሪው ደግሞ ከፊት የቆመ ባጃጅ ሲያይ ብስክሌተኛው መውጣቱ እንደማይቀር ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ክላክስ በዚህ ጊዜ ብዙ አይረዳም። አሽከርካሪው «አለሁ» ለማለት ይነፋዋል፣ ብስክሌተኛው «ውጣ» የተባለ መስሎት ይደነግጣል።

ሁለተኛው የግጭት ቦታ ወደ ቀኝ መታጠፊያ ነው። አሽከርካሪው ብስክሌተኛውን ቀድሞ ወዲያው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብስክሌተኛ ከመኪናው ጎን ጋር ይላተማል። በተለይ ረጅም የጭነት መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ በሾፌሩ ቀኝ በኩል ደግሞ በስፖኪዮ የማይታይ ሰፊ ክፍል አለ። ከቆመ የጭነት መኪና በስተቀኝ ተሽሎክሉኮ ወደ ፊት ማለፍ ብስክሌተኛው ከሚያደርጋቸው አደገኛ ነገሮች ቀዳሚው ነው ቢባል ማጋነን አይኾንም። በጭነት መኪና ጀርባ ተንጠልጥሎ መሄድም እንዲሁ።

ሦስተኛው የቆመ መኪና በር ነው። በኔዘርላንድስ አሽከርካሪዎች በራቸውን የሚከፍቱት ለበሩ ቅርብ በኾነው እጃቸው ሳይኾን በሌላኛው እጅ እንዲኾን ይመከራሉ። በግራ የተቀመጠ ሾፌር በቀኝ እጁ በሩን ለመክፈት ሲሞክር ትከሻው ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ሳያይ አይወጣም። ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ልማድ ነው።

ብስክሌተኞችም ራሳቸውን ሊያርሙበት የሚገባ አንድ ትልቅ ስህተት አለ፤ ከፊት ለፊት ወደሚመጣ ተሽከርካሪ እየገሰገሱ መሄድ። ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ልጆች የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራቸውን ይዘው፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ እንዲሄዱ ይማራሉ። ምክሩ ለእግረኛ ትክክል ነው። ብስክሌት ላይ የወጣው ልጅ ግን ትምህርቱን ይዞት ይወጣል። ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው፤ ሀገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ከቀየረች ጀምሮ እንደማንኛውም ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን ሒሳቡ ያሳየዋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በ50 ከሚሄድ መኪና ጋር በአንድ አቅጣጫ ከኾነ የሚቀራረቡበት ፍጥነት 30 ነው፤ ፊት ለፊት ከኾነ ግን 70 ይኾናል። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ አሽከርካሪም ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚመለከተው ወደ ግራ ነው፤ ከቀኙ ብስክሌት ይመጣል ብሎ አይጠብቅም።

ከከተማ ውጭ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። በደንቢያ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ በመኾኑ አሽከርካሪው ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ደግሞ ሁሉንም ነገር ይወስናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን ለመቆም በጠቅላላው 13 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ60 ከኾነ ግን ገና ፍሬን ሳይረግጥ ወደ 17 ሜትር ሄዷል፤ የሚቆመውም ከ36 ሜትር በኋላ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። ጭነት፣ ያረጀ ጎማና እርጥብ መንገድ ሲታከልበት ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ክረምት ሲገባ የመንገዱ ዳር ይጨቀያል። «ለምን ወደ ዳር አይወጣም?» የሚለው አሽከርካሪ ዳሩ ጭቃ ወይም ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስርጥ መኾኑን ከመቀመጫው ላያየው ይችላል። ከኋላው ጆንያ የጫነ ብስክሌት ጎማው ከጠርዝ ወደ ታች ከተንሸራተተ ወደ ውጭ ሳይኾን ወደ መንገዱ መሐል ነው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው። ስለዚህ በርካታ ሀገራት መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ሊተውለት የሚገባውን ርቀት በሕግ ወስነዋል። በስፔን 1 ሜትር ተኩል ነው፤ በጀርመን በከተማ ውስጥ 1 ሜትር ተኩል፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ነው። ይህን ያህል ቦታ ለመተው ከፊት የሚመጣ መኪና ካለ መጠበቅ ግድ ይላል፤ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ምሽት ላይ ግን ጥፋቱ ወደ ብስክሌተኛው ያደላል። ያለ መብራት የሚሄድ ብስክሌት፣ በተለይም ጥቁር ጋቢ ወይም ጃኬት የለበሰ ጋላቢ፣ ለአሽከርካሪው የሚታየው በመኪናው መብራት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ ከፊት የእጅ ባትሪም ቢኾን ማሰር ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ለአሽከርካሪው «አላየሁትም» የሚለውን መልስ የሚያሳጣውም ይኸው ነው።

መሠረተ ልማቱስ? የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ትኩረት የሰጠ ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል። በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎችም የብስክሌት መስመር እየተለመደ ነው። ይሁንና መስመር መሠራቱ ብቻውን ፀቡን አይፈታም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል። መስመሩ ላይ ባጃጅ ቆሞበት፣ ዕቃ ተዘርግቶበት ወይም እግረኛ ሞልቶበት ሲገኝ ብስክሌተኛው ወደ ዋናው መንገድ ይመለሳል። አሽከርካሪው ደግሞ ከቀድሞው በበለጠ ይቆጣል፤ «የራስህ መንገድ አለህ አይደል?» ይላል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ተቆጣጣሪ የሌለው መስመር ብስክሌተኛውን ከመጥቀም ይልቅ ባለዕዳ ያደርገዋል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። አርሶ አደሩም ኾነ የከተማ ነዋሪው ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነጥብ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ላይ ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ይነዳ የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢኾን እንኳ። «ጥፋት የለብኝም» ማለት ብቻውን ከካሳ አያድነውም። አንቀጽ 2086 እንደሚያስረዳው ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መኾኑ ሲረጋገጥ ነው። መብራት አልባው ብስክሌትና የተቃራኒ አቅጣጫው ጉዞ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ትርጉም የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው። ኔዘርላንድስም ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የምታደርገው ጥበቃ በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ከባዱንና ፈጣኑን የያዘ ሰው የበለጠ ኃላፊነት ይሸከማል።

የወንጀሉ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ጥፋት መረጋገጥ አለበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲኾን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ግልጽ ደንብ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሞተው ከኾነ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተጎጂን ጥሎ መሄድም በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

በገጠር አደጋ ሲደርስ ነገሩ ፈጥኖ ወደ ሽምግልና ይሄዳል። ሽማግሌ ቂምን ለማብረድ የሚተካው የለም። ነገር ግን ጉዳቱ በሐኪም ሳይታወቅ፣ የትራፊክ ፖሊስ የቦታውን ንድፍ ሳያነሳ «ተስማምተናል» ተብሎ ወረቀት ከተፈረመ ተጎጂው ሊጎዳ ይችላል። ቀላል የመሰለ የጉልበት ምት ከወር በኋላ እርሻ የሚከለክል ሊኾን ይችላልና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሕክምና፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ ከዚያ ሽምግልና ቢኾን ይበጃል። ተሽከርካሪው ሳይታወቅ ያመለጠ ወይም መድን ያልገባ ቢኾንም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለእንዲህ ያሉ ተጎጂዎች የመድን ፈንድ አቋቁሟል። በፍትሐ ብሔር ካሳ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከኾነ ያ ጊዜ ይሠራል።

አንቀጽ 2081 የሚናገረው ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ነው። ብስክሌተኛ እግረኛን ገጭቶ ከጎዳ የሚጠየቀው በጥፋቱ ነው፤ ከኾነም የካሳው ዕዳ ከራሱ ኪስ ይወጣል።