ጦማር፡ አጀማመሩና የጦማሪያን ዓላማ

ጦማር ወይም ብሎግ የሚባለው፣ አንድ ግለሰብ ወይም አነስተኛ ቡድን በየጊዜው ጽሑፎችን የሚያወጣበት ድረ ገጽ ነው። ጽሑፎቹ በቀን ተለይተው የሚቀመጡ ሲሆን፣ አዲሱ ዘወትር ከላይ ይሆናል። ጦማር የሚለው ስያሜ ደብዳቤ የሚል ፍች ካለው የግዕዝ ቃል የተወሰደ ነው።

አጀማመር

“ዌብሎግ” የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1997 የፈጠረው አሜሪካዊው ጆርን ባርገር ሲሆን፣ ትርጉሙ የድረ ገጽ መዝገብ ማለት ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን ከፍሎ “ብሎግ” የሚለውን አጭር መጠሪያ አስገኘ።

ቀደም ሲል የራስን ድረ ገጽ ማዘጋጀት የኮምፒዩተር ሙያ ይጠይቅ ነበር። ፓይራ ላብስ የተባለው ኩባንያ በ1999 ብሎገር የተሰኘውን አገልግሎት ሲጀምር ግን ጽሑፉን ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ሆነ። ጉግል ኩባንያውን በ2003 የገዛው ሲሆን፣ ወርድፕረስ የተባለው ሶፍትዌርም በዚያው ዓመት ወጥቷል። “ብሎግ” የሚለው ቃል በ2004 የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ተብሎ ተመርጧል።

ለአማርኛ ጦማሪያን መንገዱን የጠረገው የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን የሚወክሉበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ በትክክል አይነበብም ነበር።

ለምን ይጦምራሉ?

የፒው የጥናት ማዕከል በ2006 በአሜሪካ ጦማሪያን ላይ ያወጣው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ከእነዚህ መካከል 54 በመቶ የሚሆኑት ቀደም ሲል ጽሑፋቸውን በሌላ ቦታ አውጥተው አያውቁም። 52 በመቶዎቹ የፈጠራ ችሎታቸውን መግለጽ፣ 50 በመቶዎቹ ደግሞ የግል ገጠመኛቸውን መዝግበው ለሌሎች ማካፈል ዋነኛ ምክንያታቸው መሆኑን ተናግረዋል። ገንዘብ ማግኘትን ዋነኛ ምክንያት ያደረጉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ አብዛኛውን ጦማሪ ለጽሑፍ ያነሳሳው ትርፍ ሳይሆን የራስን ሐሳብ በራስ አንደበት የመናገር ፍላጎት ነው።

ነፃነትና ኃላፊነት

በጋዜጣ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በአዘጋጅ እጅ ያልፋል፤ መረጃው ይጣራል፤ ስሕተቱ ይታረማል። በጦማር ግን ጸሐፊው አዘጋጅም አሳታሚም በመሆኑ፣ መረጃውን የማጣራትና የሌሎችን ክብር የመጠበቅ ኃላፊነት በራሱ ላይ ይወድቃል። በጥናቱ ከተካተቱት 55 በመቶዎቹ በብዕር ስም መጻፋቸው፣ ብዙዎች ማንነታቸው እንዲታወቅ እንደማይፈልጉ ያሳያል።

ጽሑፍ የሚያስከትለው መዘዝም አለ። በኢትዮጵያ በ2012 የተመሠረተው የዞን ዘጠኝ ጦማር ስድስት አባላት በ2014 ታስረው በ2015 ከእስር ወጥተዋል።

በኋላ የተስፋፉት የማኅበራዊ ትስስር ገጾች አጫጭር መልእክቶችን ወደ ራሳቸው ቢስቡም፣ ሰፋ ያለ ሐሳብ ለመግለጽና ጽሑፍን በቅደም ተከተል አኑሮ ለማቆየት ጦማር ዛሬም ተመራጭ ነው።