ለአንድ ቀን ዳንቴል?

ሠርግ በተደገሰበት ቤት ከጠጁና ከወጡ ይልቅ የሚያጨቃጭቀው ትንሹ ነገር ነው። የመኪናው ሪባን ቀለሙ ምን ይሁን? የሚዜዎቹ ከረባት ከሙሽራዪቱ አበባ ጋር ይግጠም ወይስ ይለይ? ነገሩ ሲከርር አንድ ሽማግሌ «ለአንድ ቀን ይህ ሁሉ ጣጣ!» ማለታቸው አይቀርም። ለመሆኑ ጣጣ ብቻ ነውን? እስቲ አንድ የቆየ ሠርግ እናንሳ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 የ20 ዓመቷ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል አልበርትን ለንደን ውስጥ አገቡ። በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ሙሽራ በብር ክር ያሸበረቀ ልብስ መልበሷ የተለመደ ነበር። በ1816 የተዳሩት ልዕልት ሻርሎትም የለበሱት እንዲህ ያለውን ነው። ቪክቶሪያ ግን ለንደን ስፒታልፊልድስ የተሸመነ ነጭ የሐር ሳቲን መረጡ። በራሳቸው ላይም የደፉት የብርቱካን አበባ ጉንጉን ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዳንቴሉ ነው። በዴቨን አውራጃ የሚኖሩ ሴቶች «ሆኒተን» የሚባለውን ዳንቴል በእጃቸው እየሠሩ ይተዳደሩ ነበር። ጆን ሂትኮት በ1809 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዳንቴል መኪና ግን እንጀራቸውን ይሻማቸው ጀመር። ንግሥቲቱም ፋሽን የነበረውን የውጭ አገር ዳንቴል ትተው ለእነዚህ ሴቶች ትእዛዝ ሰጡ። ቢር በምትባል መንደርና በአካባቢዋ ከ200 የሚበልጡ ሠራተኞች ለወራት ሥራ አገኙ። ለተመልካች ጌጥ የሆነው ለእነርሱ ቀለብ ነበር።

ዳንቴሉም የአንድ ቀን ሆኖ አልቀረም። ንግሥቲቱ ባላቸው በ1861 ከሞቱባቸው በኋላም ጠብቀው አኖሩት። በ1885 የመጨረሻ ልጃቸው ቢያትሪስ ስትዳር ዐይነ ርግቡን አዋሷት። በ1901 ሲቀበሩም ያው ዐይነ ርግብ አብሯቸው ተቀበረ።

እርግጥ ነው፣ አንድ ትእዛዝ መኪናን አያቆምም፤ የእጅ ሙያው ውሎ አድሮ መዳከሙ አልቀረም። ነጩ ልብስ ግን ዓለምን ዞረ። እኛም ዘንድ ደርሶ «ቬሎ» ተባለ፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ዐይነ ርግብ ማለት ነው። የተቀዳው እንግዲህ ቀለሙ ነው። «የማን እጅ ይሥራው?» የሚለው ጥያቄ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

የሽማግሌው ተግሣጽ ተገቢ የሚሆነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጎረቤት ስላደረገው ብቻ የሚገዛ ሪባን በማግሥቱ ይጣላል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሠራው ጥለት ግን፣ ስፋቱ ከጣት ባይበልጥም፣ የአንድ ቤተሰብ እራት ነው፤ ነገ ደግሞ ለልጅ የሚተርፍ ትዝታ ነው። ስለዚህ ጌጡ ትንሽ ነው ብለን አንናቀው። ይልቅስ ከመግዛታችን በፊት ማንን እንደሚያበላና ማንን እንደሚያስታውስ እንጠይቅ።