ነባሩና አዲሱ ዘር በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ

እንግዳ ዘር ከዘመድ ወይም ከገበያ ሲመጣ፣ ገበሬው መጀመሪያ የሚዘራው በጓሮ ወይም በማሳው ጥግ ነው፤ ሰፊው መሬት ለነባሩ ይተዋል። ውርጭና ዋግ መቻሉ፣ እንጀራው፣ ገለባው ለከብት መስማማቱ ከታየ በኋላ ቦታው ይሰፋለታል። የዘንድሮው ምርት ከጠፋ የከርሞው ዘርም አብሮ ይጠፋልና ይህን ጥንቃቄ ግትርነት ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ነባሩም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም። በሰሜኑ ደጋ ስንዴና ገብስ ተቀላቅለው ይዘራሉ፤ በአማርኛ ዱራግና፣ በትግርኛ ሐንፈጽ ይባላል። ዝናቡ ቢያጥር እንኳ ገብሱ ይደርሳል። በወሎና በሐረርጌ ቆላና ወይና ደጋ ደግሞ ምርጫው እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል። ብዙ ወራት የሚፈጀው ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል። ዝናቡ ከከዳ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ይተካዋል፤ እሱም ካልሆነ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ይቀራል። ማሽላው ከመታጨዱ በፊት በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ ያማረ ያማረውን ዛላ ይለዩና ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል፤ ጭሱ ነቀዝን ያርቃል።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. መጥቶ ያየው የስንዴና የገብስ ብዛት የዚህ ልማድ ውጤት ነው። ልማዱን ክፉኛ የሚጎዳው ረሃብ ነው፤ የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ይገደዳል። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ ነባር ዝርያዎችን ሰበሰበ። ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ እንዲቀመጥ አልፈለጉም፤ በገበሬው እጅ እየተዘራ እንዲቆይ ታገሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

አዲሱም ዘር ቢሆን ከነባሩ ይወለዳል። ጤፍን ግን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር፤ አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፣ ራሱንም በራሱ ያዳቅላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጤፍ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ከንጋቱ 1 ሰዓት ገደማ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የሁለት ነባር ዝርያዎች ልጅ ነው። ምርታማነቱን ከአንዱ፣ የፍሬውን ንጣት ከሌላው ወስዷል፤ ሲመረጥም ገበሬዎች በየማሳቸው አይተው ፈርደዋል።