ጨለማን የሚያይ መስታወት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ እኛ አገር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በሮም ደግሞ የአፒያን ጎዳና ይዘው የጣሊያን ወታደሮች ችቦ አብርተው ቆመዋል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በመካከላቸው አልፎ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ጀንበር ከጠለቀች ቆይታለች። ያን ምሽት ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው ብርሃን ስለ ተዘጋጀለት ነው። ፀሐይ በሌለበት የሚደረግ ስፖርት ምስሉ ይተርፍ ዘንድ ወይ ብርሃን ማምጣት፣ ወይ ያለውን ጥቂት ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ ማግኘት ግድ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ፍላሽ የተጫዋቹን ዓይን ያጭበረብራልና።

ፎቶግራፍ በተወለደበት ዘመን ተነሺው ለደቂቃዎች እንደ ሐውልት ደርቆ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 እ.ኤ.አ. የቪየናው የሒሳብ መምህር ዮሴፍ ፔትስቫል፣ ስሌት የሚያውቁ የመድፈኛ ወታደሮች ተመድበውለት፣ ከቀደሙት ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ቀመረ። (መድፈኛ ለእንዲህ ያለ ሥራ መዋሉን ማንበብ ደስ ያሰኛል።) በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድሬስደን ላይ ኤርማኖክስ የተባለች ትንሽ ካሜራ ወጣች፤ የሌንሷ ቁጥር ኤፍ 2 ነበር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የብርሃን መግቢያው እንደሚሰፋ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የሕግ ዶክተሩ ኤሪክ ሳሎሞን ይህችን ካሜራ ደብቆ ወደ ጀርመን ችሎት ገባ፤ በየጉባኤው የደከማቸውን ዲፕሎማቶችም ያለ ፍላሽ አነሣ። በ1944 እ.ኤ.አ. በአውሽቪትዝ ሞተ፤ ፎቶግራፎቹ ግን አሉ።

ወደ ራሳችን ስመለስ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ገንዘቤ ዲባባ በ2006 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት፣ በ15 ቀናት ውስጥ፣ በካርልስሩህ፣ በስቶክሆልምና በበርሚንግሃም አዳራሾች በ1,500 እና በ3,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን፣ በሁለት ማይል ደግሞ የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበች። የበቆጂዋ ልጅ ከጣሪያ ሥር የሠራችውን ታሪክ ያየነው በአብዛኛው በባዕድ ሌንስ ነው። ለእርሷስ የባዕድ ሌንስ አለላት። የእኛ ሰፈር ልጆችስ?

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። ክረምት ሲገባ የጊንጆ ጉዱሩ ልጆች ጭቃውን ሸሽተው ጣሪያ ሥር ይገባሉ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቴኳንዶ፣ መረብ ኳስ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ዙም ሌንስ እዚያ ይሰንፋል፤ ወደ ሩቅ ሲሳብ እስከ ኤፍ 5.6 ይጠብባል፣ ኳስ የመታው ክንድ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ኤፍ 1.8 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በ1/50ኛ ሰከንድ ይነሣ የነበረው በ1/500ኛ ይነሣል። በአየር ላይ ያለ ሰው ጥርት ብሎ የሚታየው በዚህ ፍጥነት ነው።

ባለሙያዎች የሚይዙት ኤፍ 2.8 የሆነው ባለ 70–200 ሚሊሜትር ዙም አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋው በደመወዝ ለሚኖር ሰው የሚታሰብ አይደለም። ካኖን በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግን 130 ግራም ብቻ ነው። አካሉ ፕላስቲክ፣ ሲያተኩር እንደ ፌንጣ የሚጮኽ፣ መልኩም የማያኮራ ነው፤ ያገለገለው ደግሞ በርካሽ ይገኛል። የኒኮን ካሜራ ያለው ሰው ተመሳሳዩን ሲገዛ የማተኮሪያ ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ መኖሩን ይጠይቅ፤ ርካሾቹ ካሜራዎች የራሳቸው ሞተር የላቸውምና። ባለ 85 ሚሊሜትሩ ለትልቅ አዳራሽ ይሻላል፤ የእኛ አዳራሾች ግን ጠባብ ስለሆኑ እኔ 50ውን አስቀድማለሁ።

ይህ ሌንስ አይሳብም፤ መቅረብ የአንሺው ፋንታ ነው። ዳኛውን አስፈቅዶ ከመረቡ ጥግ መንበርከክ፣ ፍላሹን ማጥፋት፣ በሰፊው ቀዳዳ ጥርት የሚለው ስፍራ ቀጭን ነውና በተጫዋቹ ዓይን ላይ ማተኮር። ፎቶግራፉ ከታተመ በኋላም በጀርባው የልጁን ስም ከነአባቱ፣ አዳራሹንና ቀኑን በእርሳስ መጻፍ።