ከወደብ እስከ ማሳ፦ ተጣጣፊ የጭነት ዕቅድ ምንድን ነው?

ወደብ አልባ የሆነችው ኢትዮጵያ የምታስገባው የአፈር ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ ይራገፋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ አገልግሎት የሚሰጠው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ያነሳል፤ እስከ ቀበሌ መጋዘን ግን አይዘልቅም። የጭነት መኪና ይዘልቃል፤ እጥረት ሲኖር ግን ጭነቱ ወደብ ላይ ይከማቻል።

ተጣጣፊ የጭነት ዕቅድ የሚባለው ከሁለቱ አንዱን ብቻ አስቀድሞ አለመወሰን ነው። አስጫኙ የሚዋዋለው በመድረሻ ቀንና በዋጋ ነው፤ የማጓጓዣው ምርጫ፣ የዕለቱ የፉርጎና የመኪና አቅርቦት ታይቶ፣ ለአጓጓዡ ይተዋል። ለመናገር ቀላል ነው። ባቡሩና መኪናው የየራሳቸው ውልና ሰነድ ካላቸው ግን ጭነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንደ አዲስ መዋዋልን ይጠይቃል። ሰኔ ግም ካለ በኋላ ደግሞ ከዘር ጋር የሚጨመረው ማዳበሪያ የአንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ አይችልም።