ከስልኩ በፊት ቃላድ ነበረ

በስልክ ወይም መኪና ላይ በተገጠመ ካሜራ የተሰበሰበ የካርታ መረጃ ለከተማ አስተዳደር ይታመናል ወይ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱን ከታሪክ ልጀምረው። መሣሪያው አዲስ ስለሆነ ብቻ ካርታ አይታመንም። ከየት ተነስቶ ተለካ? ማንስ አረጋገጠው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ፣ ቃላዱ ያው ገመድ ነው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው ቢባልም እንደ መሬቱ ለምነትና እንደ ለኪው እጅ ይሰፋም ይጠብም ነበር። ገበሬው ቃላድ ጣይን የሚፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ከገመዱ ኋላ ግብር ይመጣል።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልላችን አረንጓዴው ደብተር ሲታደልም ልኬቱ በአብዛኛው በገመድ ነበር። የማሳው ካርታ የለውም። ግን አዋሳኞች ቆመው እያዩ ነው የተለካው፣ ስማቸውም ደብተሩ ላይ ሰፍሯል። በሜትር ቢሳሳት እንኳ የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን እምብዛም አይስትም።

አሁን ወደ ስልካችሁ። ሰማዩ ገላጣ ሲሆን የስልክ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ግንብና ዛፍ ሥር ይብስበታል። ለመንገድ ፍለጋ ምንም አይደል። 10 በ20 የሆነ ቦታ ላይ ግን 10 ሜትሩ 13 ተብሎ ከተመዘገበ 200 ካሬው 260 ሆነ ማለት ነው። 60 ካሬው ከሰማይ አልወረደም፣ የጎረቤት ነው! ከተማ ወደ እርሻ ሲሰፋ ደግሞ ካሳ የሚሰላው በስፋት ስለሆነ፣ አንሶ የተለካው ከገበሬው ኪስ ይወጣል።

የአዲንዳን ነገር ደግሞ አለ። በ1950ዎቹ ሀገራችን ስትለካ የተያዘው መነሻ ነጥብ ያለው በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ አዲንዳን በምትባል የኑብያ ቀበሌ ነው። (መንደሯን የአስዋን ግድብ ውኃ ዋጣት፤ ስሟ ግን እኛ ካርታ ላይ ቀረ።) የዛሬው ጂፒኤስ የሚነሳው ከመሬት እምብርት ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ሳይታረሙ ከተደራረቡ በእኛ ሀገር ወደ 200 ሜትር ይዛነፋሉ። ትምህርት ቤቱ ወንዝ ውስጥ ገባ ብላችሁ የምትስቁት አንዳንዴ ይሄ ነው። በእኛ ቆላ ደግሞ ወንዙም አርፎ አይቀመጥም፤ ጎሊና ክረምት ሲሞላ ዳርቻውን ይበላል፣ ስለዚህ ካርታው መቼ እንደተሠራም ጠይቁ።

ስሙንም እዩ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ በሚመጣው በዚያው አስፋልት የሸዋው ሮቢት አለ፣ አልፎ ደግሞ የእኛው። በስም ብቻ የተመዘገበ መረጃ የትኛው ጋ እንደሚሄድ አስቡት።

ታዲያ እንዴት ይመዘናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። መሬት ላይ ጥርት ብለው የሚታዩ ነጥቦች ይመረጣሉ፣ በተሻለ መሣሪያ እንደገና ይለካሉ። ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፣ አማካዩ ይወሰዳል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወጣል። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበትን ካርታ ለመብራት ምሰሶ ቆጠራ ተጠቀሙበት፤ ለይዞታ ድንበር ግን በፍጹም። የ2006ቱ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የይዞታ ማረጋገጡ ውጤት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን አዝዟል። ሲለጠፍ ከአዋሳኛችሁ ጋር ሂዱና ቁጥሩን አንብቡ።